መስኮት ምን ይሠራል?

አለን ሼፐርድ ሽንቱ መጣበት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1961 ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ሂሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።) አሜሪካ የመጀመሪያ ሰዋን ወደ ጠፈር ልትልክ ነው። ሼፐርድ የጠፈር ልብሱን ለብሶ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ሮኬቱ ጫፍ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። በረራው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ስለ ሽንት ያሰበ ሰው አልነበረም። ለ15 ደቂቃ ማን ይሸናል? ግን መነሻው ዘገየ። አንዴ ደመናው፣ አንዴ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ አንዴ ኮምፒውተሩ። ሰውዬው እዚያች ጠባብ ነገር ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ ቆየ። በመጨረሻ አልቻለም፣ ተናገረ። መጀመሪያ እምቢ አሉት። ሰውነቱ ላይ የልብ ምቱን የሚለኩ ሽቦዎች ስለተለጠፉ ፈሳሽ ከነካቸው ሾርት ያደርጋሉ ብለው ፈሩ። ኋላ ላይ ኤሌክትሪኩን አጠፉለት፣ እሱም እዚያው ልብሱ ውስጥ ሸና፣ ከዚያም ሄዶ ታሪክ ሠራ።

የሮኬቱ ግፊት ተሰልቷል። ሙቀት መከላከያው ተሰልቷል። ካፕሱሏ ባሕር ላይ የምታርፍበት ቦታ ሳይቀር ተሰልቷል። የሰው የሽንት ፊኛ ግን ስሌቱ ውስጥ አልነበረም።

እኔ ጅማ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ሆስፒታል ውስጥ ስሜ ብዙም አይታወቅም። "ባዮሜዲካሉ ይጠራ!" ነው የሚባለው። ማታ ማታ ደግሞ ስለ ጠፈር አነባለሁ። ጓደኞቼ "ጅማ ቁጭ ብለህ ጠፈር ምን አገባህ?" ይሉኛል። እውነት ለመናገር ስለ ከዋክብቱ ብዙም ግድ የለኝም። እኔን የሚገርመኝ ዕቃው ነው። ቀን ቀን የምጨቃጨቀው ሌላ አገር ተሠርቶ፣ እዚህ ያለችውን ነርስ ሳያይ ከመጣ ማሽን ጋር ነው። ማታ የማነበው ደግሞ፣ ተሳፋሪውን ሳያይ ስለተሠራ መንኮራኩር ነው። ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው።

ባለፈው አንድ ዋርድ ገባሁ። የበሽተኛ ሞኒተር ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። ጠርዞቹ ጠቁረዋል፣ በተደጋጋሚ በአልኮል ተወልውሎ ጽሑፉ ደብዝዟል። በሰማያዊ እስክሪብቶ በአማርኛ "አትንኩ" ይላል፣ ከሥሩ በኦሮምኛ ያው ተደግሟል። ላነሳው ስል ተረኛዋ ሲስተር ከወዲያ ጮኸችብኝ።

"ባዮሜዲካል! እሱን እንዳትነካው። ስንት ጉድ አድኖናል።"

ከፕላስተሩ ሥር ያለው ቁልፍ ሞኒተሩን ወደ ማረፊያ የሚከተው ነው። አጠገቡ ያለው አላርም ዝም የሚያሰኘው ነው። ሁለቱ በመጠን እኩል፣ በቀለም አንድ፣ የጣት ስፋት እንኳ አይራራቁም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ የከበዳት ነርስ፣ ጨለማ ውስጥ፣ አላርሙን ዝም ላሰኝ ብላ ክትትሉን ታቆመዋለች። በእርግጥ ማኑዋሉ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። ማኑዋሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ። አዲስ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማየው ፕላስተሩን ነው። ፕላስተር የተለጠፈበት ቦታ ሁሉ፣ ማሽኑን የሠራው ሰው ያልጠየቀው ጥያቄ አለ።

አሁን ወደ ማርጋሬት ሃሚልተን ልውሰዳችሁ። በ1960ዎቹ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ሰው ወደ ጨረቃ የሚወስደው የአፖሎ መንኮራኩር ሶፍትዌር ቡድን መሪ ነበረች። ትንሽ ሴት ልጅ ነበረቻት፤ አንዳንዴ ማታና ቅዳሜና እሁድ ይዛት ወደ ሥራ ትገባለች። አንድ ቀን ልጅቷ የጠፈርተኛ ጨዋታ ስትጫወት የመለማመጃውን ኮምፒውተር ቁልፎች ነካካች፣ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ለካ ከመነሳት በፊት ብቻ የሚያገለግለውን ፒ01 የሚባል ፕሮግራም በበረራ መሀል አስነስታለች። ሃሚልተን ደነገጠች። ልጄ ያደረገችውን ጠፈርተኛም ሊያደርገው ይችላል ብላ፣ ስህተቱን የሚከለክል ኮድ ልጨምር አለች። አይሆንም ተባለች። ጠፈርተኞች ሠልጥነዋል፣ እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠሩም ነው መልሱ። የተፈቀደላት ማስታወሻ መጻፍ ብቻ ነው። በበረራ ላይ ፒ01ን አትምረጡ የሚል።

አያችሁ? ፕላስተር ነው።

ዲሴምበር 1968 አፖሎ 8 ጨረቃን ዞሮ ሲመለስ፣ ጠፈርተኛው ጂም ሎቬል ኮከብ እያነጣጠረ አቅጣጫ ሲለካ ቁልፍ ተሳሳተና ያንኑ ፒ01ን አስነሳ። ኮምፒውተሩ ገና መሬት ላይ፣ መነሻው ጣቢያ ላይ ያለ መሰለው። ሎቬል ሪጀልንና ሲሪየስን ፈልጎ፣ በሁለቱ ከዋክብት መንኮራኩሩን አስተካክሎ፣ ቁጥሩን እንደገና ለኮምፒውተሩ መስጠት ነበረበት። ሎቬል ተራ ሰው አልነበረም። በጌሚኒ 7 ከፍራንክ ቦርማን ጋር ሁለት ሳምንት ጠፈር ላይ የቆየ ሰው ነው። የሠለጠነ ሰው አይሳሳትም የሚለው አባባል ግን ሥልጠና እንጂ ድካም አይቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ሃሚልተን ኮዷን እንድትጨምር ተፈቀደላት።

ይህን ለተለማማጅ ተማሪዎች ስነግራቸው ሁልጊዜ አንዱ "ታዲያ ኢንጂነሮቹ ደደቦች ነበሩ እንዴ?" ይለኛል። በፍጹም። የያኔው ኮምፒውተር ሜሞሪ የዛሬን አንድ ፎቶ እንኳ አይችልም። እያንዳንዱ መስመር ኮድ ቦታ ይወስዳል፣ ሌላ ስህተትም ሊያመጣ ይችላል። ሮኬት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ይበላል። ኢንጂነሩ "ይሄ ምን ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቅ ልክ ነው፣ መጠየቅ አለበት። ችግሩ መልሱን ማን ይስጥ የሚለው ነው።

ስካይላብን እንውሰድ። በ1973 የተላከው የአሜሪካ የመጀመሪያ የጠፈር ጣቢያ ነው። ናሳ ሬይመንድ ሎዊ የሚባል ታዋቂ የኢንዱስትሪ ዲዛይነር አማካሪ አድርጎ ቀጠረ። ትውልዱ ፈረንሳይ ነው፤ ባቡሩንም መኪናውንም የነደፈ ሰው ነው። ሎዊ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ሠራተኞቹ የሚበሉበት ክፍል መስኮት ይኑረው የሚል ነበር። ኢንጂነሮቹ አልተዋጠላቸውም። መስኮት ከባድ ነው። ግድግዳ ላይ ቀዳዳ መክፈት ድክመት መፍጠር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መስኮቱ ምንም አይሠራም። ለየትኛውም ሙከራ አያስፈልግም። ክርክሩ ተካሮ ናሳ ውስጥ የሰው በረራን የሚመሩት ጆርጅ ሙለር ዘንድ ደረሰ፣ መስኮቱም ገባ።

ሠራተኞቹ ትርፍ ጊዜ ባገኙ ቁጥር የት እንደሚገኙ መገመት አያቅታችሁም። ዛሬ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በ2010 የተገጠመ ኩፖላ የሚባል ባለ ሰባት መስኮት ጉልላት አለ። ወረቀቱ ላይ ሥራው የሮቦት ክንድ መቆጣጠርና የሚመጡ መንኮራኩሮችን ማየት ነው። ጠፈርተኞቹ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭም እዚያው ናቸው።

ሎዊም ቢሆን ጠፈር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስካይላብ ላይ ጥሩ ይሆናል ተብሎ የገባ ነገር ሁሉ አልሠመረም። ገላ መታጠቢያ ነበረው፣ ሻወር፣ ያውም በጠፈር! ውሃው ግን አይወርድም፣ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ እያንዳንዷን ጠብታ በቫኪዩም መምጠጥ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ለመታጠብ ከማዘጋጀት እስከ ማጽዳት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበት ነበር። ስለዚህ "ምቾት" የሚለውን ቃል እጠነቀቀዋለሁ። ለሰው የሚመች መስሎን የምንጨምረውና ሰው የሚፈልገው ሁልጊዜ አይገጥሙም።

የሰዓት ድልድልም እንደ ማሽን የሚነደፍ ነገር ነው። የስካይላብ ሦስተኛ ቡድን፣ ጄራልድ ካር፣ ኤድዋርድ ጊብሰንና ዊሊያም ፖግ፣ 84 ቀን ቆዩ። ሦስቱም ከዚያ በፊት ጠፈር ወጥተው አያውቁም። መሬት ያሉት አለቆች ደግሞ የፊተኛው ቡድን በመጨረሻ የደረሰበትን ፍጥነት ወስደው፣ ገና ዕቃው የት እንዳለ ላልለዩት ለአዲሶቹ ደለደሉላቸው። ሰዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ፣ ተሳሳቱ፣ ተነጫነጩ። ዲሴምበር 30 ቀን 1973 ከመሬት ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ጥቃቅኑ ሥራ ሲመቻችሁ ሥሩት ተባለ፣ ምግብና ዕረፍት ላይ መጣበብ ቀረ፣ ሥራቸውም ተሻሻለ። እስከ ዛሬ "የጠፈር አድማ" እያለ የሚያወራው ሰው ብዙ ነው። አድማ አልነበረም። ሰዎቹ ደክሟቸው ነበር፣ ተናገሩ፣ ሰሚ አገኙ፣ አለቀ።

ከሁሉም የምወዳት ግን ጋሊና ባላሾቫ ናት።

ባላሾቫ የሕንፃ አርክቴክት ነበረች። ሰርጌይ ኮሮሊዮቭ በሚመራው የሶቪየት የሮኬት ተቋም ውስጥ የሠራተኛ መኖሪያ ምናምን ነበር የምትነድፈው። የሶዩዝ መንኮራኩር ሲታሰብ ግን ኢንጂነሮቹ ያመጡት የውስጥ ክፍል የብረት ሳጥን ነገር ሆነ፤ ኮሮሊዮቭ አልወደደውም። ባላሾቫ ተጠራች። እሷ ሶፋ አስገባች። ቁም ሳጥን አስገባች። ወለሉን ጠቆር፣ ጣሪያውን ፈካ አደረገችው። ክብደት በሌለበት ቦታ ወለልና ጣሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ለሰው አንጎል ግን አለ፣ ከሌለም ይታመማል። ላይና ታችን በቀለም ሠራችለት። ይሄ ክብደት አይጨምርም። ቀለሙ መቀባቱ አይቀርም፣ ጥያቄው ምን ዓይነት ይሁን ነው።

ከዚያ ደግሞ ሥዕል ሰቀለች። በውሃ ቀለም ራሷ የሣለቻቸው የአገሯ መልክዓ ምድር ሥዕሎች ናቸው። የተሰቀሉት ሠራተኞቹ በሚኖሩበት የመንኮራኩሩ ክፍል ውስጥ ነው። ያ ክፍል ወደ ምድር አይመለስም፤ ከመውረዱ በፊት ይለያይና ከባቢ አየር ውስጥ ይቃጠላል። ሥዕሎቿም አብረው ይቃጠላሉ። ቀጣዩ መንኮራኩር ሲመጣ ሌላ ትሥላለች። ሥራው ምስጢር ስለነበር ለብዙ ዓመት ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ አንዳንዴ የሕፃናት ዋርድ ግድግዳ ላይ ነርሶች በራሳቸው ወረቀት የሣሉትን ዝሆንና ቢራቢሮ ሳይ ትዝ ትለኛለች። እሱም በበጀት ውስጥ የለም።

እንግዲህ ጅማ ሆኖ ስለ ቡና ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። ጎረቤቴ እማማ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል፣ እኔም ማታ ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን "ለመሆኑ እዚያ ላይ ቡና ይፈላል?" አሉኝ።

አይፈላም፣ ቢያንስ በጀበና። ለማስረዳት ሞከርኩ። ውሃ ሲሞቅ ከታች ወደ ላይ አይወጣም፣ ምክንያቱም ላይም ታችም የለም። የሚፈጠረው እንፋሎት አረፋ እዚያው ውሃው መሀል ይቀመጣል። አተላው አይዘቅጥም። ጀበናው ቢገለበጥ ቡናው አይቀዳም። ረከቦቱ ይንሳፈፋል። ዕጣን ቢጨስ ደግሞ አላርም ይጮኻል፣ ሁሉም ሰው ኦክስጅን ጭንብል ፍለጋ ይሯሯጣል። እማማ ሳቁና "ታዲያ ምኑን ኖሩት!" አሉ።

ለረጅም ጊዜ የጠፈር ቡና ማለት ዱቄት የገባበት የፕላስቲክ ከረጢት፣ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት በስትሮ የሚመጠጥ ነበር። ሽታ የለው፣ እንፋሎት የለው። በ2008 ዶን ፔቲት የሚባለው ጠፈርተኛ ይሄ ሰለቸው። ጣቢያው ላይ እያለ ከበረራ መመሪያ ደብተር አንድ የፕላስቲክ ገጽ ወሰደ፣ አጥፎ፣ በፕላስተር አያይዞ ሲኒ ሠራ። (አሁንም ፕላስተር!) ሲኒው ከላይ ሲታይ እንደ እንባ ጠብታ ነው፤ በአንድ በኩል ክብ፣ በሌላው በኩል ሹል። ክብደት በሌለበት ፈሳሽ ሹል ጥግ ካገኘ ጥጉን ይዞ ይሳባል። ስለዚህ ቡናው ራሱ ወደ ከንፈር ይመጣል። ያለ ስትሮ መጠጣት ተቻለ፣ አፍንጫም ቡናው ላይ ደረሰ። ኋላ የፈሳሽ ተመራማሪዎች ቅርጹን አሻሽለው በትክክል ሠሩት። በ2015 አርጎቴክና ላቫዛ የተባሉ የጣሊያን ድርጅቶች 20 ኪሎ የሚመዝን የኤስፕሬሶ ማሽን ላኩ፤ በሜይ 3 ጣሊያናዊቷ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ የመጀመሪያውን ጠጣች።

ሃያ ኪሎ ለቡና! ብላችሁ ትጮኹ ይሆናል። ጅማ ውስጥ ግን የሚጮህ አላገኘሁም።

እማማ ዝም ብለው ሲያስቡ ቆዩና "ውሃውንስ ከየት ያመጣሉ?" አሉ። ይሄን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። ጣቢያው ላብንም፣ ከትንፋሽ የሚወጣውን እርጥበትም፣ ሽንትንም አጣርቶ ይመልሳል። ናሳ በ2023 ውሃውን እስከ 98 ከመቶ መልሶ መጠቀም እንደቻለ አስታውቋል። ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ያ አላህ! ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ቡና ላይ አያወሩም።"

ሌላም ነገር አለ። ክብደት ሲጠፋ የሰውነት ፈሳሽ ወደ ጭንቅላት ይወጣል፣ አፍንጫ እንደ ጉንፋን ይታፈናል፣ ምግብ ጣዕሙ ይቀንሳል። ጠፈርተኞች የሚያቃጥል ነገር አብዝተው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። እማማ መፍትሔው አላስቸገራቸውም። ሚጥሚጣ ይላክላቸው። ዳቦም ፍርፋሪው እየተንሳፈፈ ዓይንና ማሽን ውስጥ ስለሚገባ ቀርቷል፤ ከ1985 ጀምሮ የሜክሲኮው ቶርቲያ ተክቶታል። እንጀራ ብትሞከር መልካም ነበር። ወጡን እንዴት እንደምንይዘው ግን ገና አላሰብኩበትም።

እስከ አሁን የነገርኳችሁ ቀለል ያለውን ነው። ሰውን ከስሌት ማውጣት ገዳይ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ጁን 30 ቀን 1971 ሶዩዝ 11 በካዛክስታን ሜዳ ላይ በሰላም አረፈች። ፓራሹቱ ሠርቷል፣ ሁሉም ነገር እንደታቀደው ነው። በሩን ሲከፍቱ ሦስቱም፣ ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳየቭ፣ ሞተዋል። ገና ጠፈር ላይ እያሉ ክፍሎቹ ሲለያዩ አንድ ቫልቭ ያለ ጊዜው ተከፍቶ አየሩ ወጣ። የግፊት ልብስ አልለበሱም ነበር። ለምን? ካፕሱሏ ሦስት ሰው ከነልብሱ አትይዝም። ሦስት ሰው መላክ ደግሞ ተፈልጓል። ስለዚህ ልብሱ ቀረ። ቫልቩን በእጅ መዝጋት ይቻል ነበር፤ መዝጊያው ግን ከወንበሮቹ ሥር ነው፣ ለመዝጋት የሚያስፈልገው ጊዜም ሰው አየር ሳያገኝ ራሱን ሳይስት ከሚቆይበት ይረዝማል። ወረቀት ላይ መውጫ አለ። በእጅ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ሶዩዝ ለዓመታት ሁለት ሰው ብቻ ጫነች፣ ሁለቱም ልብስ ለብሰው።

እኔ አዲስ ማሽን ስቀበል ይሄን አስባለሁ። ሻጩ "ለድንገተኛ ጊዜ ማኑዋል አለው" ሲለኝ "በስንት ሰከንድ?" እላለሁ። ሰዎቹ አይወዱኝም።

የልብስ ነገር ከተነሳ፣ በማርች 2019 ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ከጣቢያው ወጥተው ሊሠሩ ነበር፤ አን ማክሌይንና ክሪስቲና ኮክ። ሁለቱም የሚመቻቸው መካከለኛ መጠን ሆነ፤ ለቀኑ የደረሰው አንድ ብቻ። ዕቅዱ ተቀየረ፣ በኦክቶበር 18 ኮክና ጄሲካ ሚየር ወጡ። ብዙ ሰው ቀለደበት። ስቶር ውስጥ ያለው ጓንት ሁሉ ትልቅ ቁጥር ሆኖ፣ ጣቷ ጫፍ ላይ ጓንቱ እየተጣጠፈ ደም ሥር የምትፈልግ ነርስ ያየ ግን አይቀልድም።

ቀጣዩ ነገር ማርስ ነው። እዚህ ላይ ጅማና ማርስ እጅግ ይቀራረባሉ ብል አትሳቁብኝ።

አፖሎ 13 በ1970 ሲበላሽ ሦስቱ ሰዎች በጨረቃ ማረፊያዋ መንኮራኩር ውስጥ ተጠለሉ። የተቃጠለ አየር የሚያጣሩት ጣሳዎች ግን አልገጠሙም። የዋናዋ መንኮራኩር አራት ማዕዘን፣ የማረፊያዋ ክብ። ሁለቱን የሠሩት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። ሰዎቹ በቱቦ፣ በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶንና በፕላስተር አገጣጠሙት። ሥራውን ያዘዛቸው ግን ሂውስተን ያለው የናሳ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ነው፤ መሬት ላይ ሠርተው ሞክረው፣ በቃል እያነበቡ። ድምፅ ከጨረቃ አካባቢ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ምናምን ነው የሚፈጅበት።

ማርስ ላይ መልእክት ለመድረስ ብቻ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። መልሱም ያንኑ ያህል። "ሂውስተን፣ ችግር አለ" ብለህ፣ "ምን ዓይነት?" እስኪሉህ እስከ አርባ ምናምን ደቂቃ። ናሳ ይሄን ለማወቅ ከጁን 2023 እስከ ጁላይ 2024 አራት ሰዎችን ሂውስተን ውስጥ በተሠራ የውሸት የማርስ ቤት ውስጥ ለ378 ቀን አኑሯል። መልእክታቸው ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጓል። እዚያ የሚሠራው ማሽን አጠገቡ ያለውን ሰው ማመን አለበት፣ ሌላ ሰው የለማ።

የእኛን ማሽኖች እዩ። ትንሽ ስትበላሽ ስክሪኑ ላይ ፓስዎርድ ትጠይቃለች። ፓስዎርዱ ያለው ወኪሉ ዘንድ ነው። ወኪሉ አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወኪሉ ደግሞ ለአምራቹ ይጽፋል። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፣ የኦክስጅን ማሽኗ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ትቆማለች። ብዙ ጊዜ ችግሩ አንድ ማጣሪያ ወይም አንድ ፊውዝ ነው። ከፍቼ ማየት አልችልም እንጂ ባየው እጠግነዋለሁ። አምራቹ ፓስዎርዱን ያስቀመጠው እኔ እንዳላበላሸው ነው። የአፖሎ 8 አለቆች "የሠለጠነ ሰው አይሳሳትም" አሉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ "ጅማ ያለ ሰው ይሳሳታል" ይላሉ። ሁለቱም መጥተው አላዩም።

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ለልምምድ የሚመጡ የባዮሜዲካል ተማሪዎች አሉኝ። ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ አንዱ ልጅ እጁን አነሳ። ዝምተኛ ነው፣ ግን ሲናገር ያስጨንቃል።

"ጋሼ፣ ታዲያ ሰውን ለምን አናስወጣውም? ሮቦት ይሂድ። ሮቦት ሽንት ቤት አይፈልግም፣ መስኮት አይፈልግም፣ ቡና አይፈልግም።"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማርስን የምናውቃትም በሮቦት ነው። ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉት ሁለት ሮቦቶች በጃንዋሪ 2004 ማርስ ላይ አረፉ። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ነው። ሮቦቱ የሚሠራው እዚያ ፀሐይ ስትወጣ ስለሆነ፣ ካሊፎርኒያ ያሉት ተቆጣጣሪዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በማርስ ሰዓት ኖሩ። በየቀኑ ሥራ የሚገቡት ወደ 40 ደቂቃ እየዘገዩ ነው። ዛሬ ጠዋት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ። ጋሮ አንሰርሊያን የሚባል ሰዓት ሠሪ የማርስን ቀን የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ሠራላቸው። በ2012 ኪዩሪዮሲቲ የሚባለው ሮቦት ሲያርፍም ቡድኑ በዚያው ሰዓት ጀመረ። ሰውን ከማርስ አስወጣችሁት ማለት ነው፤ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ግን ካሊፎርኒያ ተቀምጧል። ሮቦቱ አይተኛም አይባልም፣ ይተኛል። ያልተኙት እነሱ ናቸው።

ልጁ ትንሽ አሰበና "እና ሌሊት ላይ ቁልፍ ሲሳሳቱስ?" አለኝ።

ያንን ሞኒተር አሳየሁት። ፕላስተሩን ለረጅም ጊዜ አየው፣ ፎቶ አነሳው፣ በጣቱ የሁለቱን ቁልፎች ርቀት ለካ። ከዚያ ለሲስተር "ይሄን ማን ለጠፈው? ስንት ሰዓት ላይ ነበር? መብራት በርቶ ነበር?" እያለ ይጠይቃት ጀመር። እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትነግረው ያዘች። ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አሁን አንድ ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ዋርዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማየት ይፈልጋል። አላርሙ ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ፣ ማን እንደሚነሳ፣ የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ እንደሚነካ ሊመዘግብ። ለተማሪ ሌሊት መግባት አይፈቀድም ተብሏል። ደብዳቤውን ጽፌ አስገብቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅን ነው።